«ድርቆሽ» እና «ክፉ ቀን»፦ ከመተማ ቆላ የተነሣ የፍቺ ጥያቄ

«ለክፉ ቀን ይቀመጥ» የሚለው አነጋገር ዛሬ ለማንኛውም ቁጠባ ይነገራል። ይሁን እንጂ «ክፉ ቀን» የተጸውዖ ስምም ነው፤ ይኸውም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ረኀብ መጠሪያ ነው። በምጽዋ በኩል የገባው «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ (ቃል በቃል የሚተረጉም ሁሉ እዚህ ላይ ይሰናከላል) የእርሻውን በሬ ፈጀ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ከድንበሩ ማዶም ረኀብ ነበር፤ ሱዳኖች በ1306 ዓመተ ሂጅራ የመጨረሻ አኀዝ «ሰነት ሲታ»፥ ማለትም «ዓመተ ስድስት» ይሉታል። እንግዲህ ኮኪትን የመሰለ የጠረፍ ቀበሌ ታሪክ የሚተረጉም ሰው አንዱን ዘመን በሁለት ስም ያገኘዋል። ፊደላችን የተጸውዖን ስም የሚለይበት ምልክት ስለሌለው፥ «ክፉ ቀን» በትርጉም «መጥፎ ዕለት» ሆኖ ሲወጣ አንድ ታላቅ ረኀብ ከጽሑፉ ይጠፋል።

በጓዳ ቃላት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ይበልጥ የተሰወረ ነው። «ድርቆሽ»ን እንውሰድ። ቃሉ እንደ «ድርቅ» ሁሉ «ደረቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ሁለት ፍቺ አለው፦ ለከብት የሚከማች ደረቅ ሣር፥ ለሰው የሚቀመጥ ደረቅ እንጀራ። ሁለቱም ለእጥረት ጊዜ ታስበው የሚሰናዱ ናቸው። «የደረቀ እንጀራ» ብሎ መፍታት ይህን አያስረዳም፤ ተረስቶ የደረቀ እንጀራ ድርቆሽ አይባልምና። ድርቆሽ የተረፈው እንጀራ ሳይሻግት ተቆራርሶ በፀሐይ የሚደርቅ ስንቅ ነው። በመተማ ቆላ ማሽላ በሰፊው ይበላል፤ የማሽላ እንጀራም ከጤፍ እንጀራ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል፥ ይሰባበራልም። ስለሆነም በዚያ አገር ማድረቅ የተፈጨውን እህልና የነደደውን ማገዶ ከብክነት ማዳኛ ነው። ድርቆሹ በወጥ፥ ወጥ ከሌለም በርበሬና ዘይት በገባበት ውኃ ሲርስ፥ ምጣድ ሳይጣድ ምሳ ይሆናል።

ሱዳኖች ከቦካ የማሽላ ሊጥ ስስ «ኪስራ» ይጋግራሉ፤ «አብሬ» የሚሉት ደግሞ ይበልጥ ስስና ደረቅ ሆኖ ተጋግሮ፥ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጠጣው ነው። ይህም የመንገድና የረመዳን ስንቅ ነው። አንዳንድ ተርጓሚ «አብሬ»ን «ድርቆሽ» ለማለት ይፈተን ይሆናል፤ እኛ አንስማማም። አብሬ ገና ሲጋገር ለድርቀት የታሰበ ነው፤ ድርቆሽ ግን ከገበታ ከተረፈው ይጀምራል። በአስተያየታችን የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ «ከገበታ ተርፎ፥ ለስንቅ ወይም ለችግር ጊዜ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ» ቢሆን ይሻላል።