አንድ የቆጠራ ቦታ ሲወጣ

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 1.8 ልጅ እንደምትወልድ መዘገበ። በ1992 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር 1.9፣ በ1997 1.4፣ በ2003 1.5 ነበር። ታዲያ ከ1.5 ወደ 1.8 ከፍ ያለው የከተማዋ ሴቶች የወሊድ ልማድ ተለውጦ ነው ወይስ የናሙናው ዕጣ ያመጣው ልዩነት ነው? ይህን ለመመለስ ናሙናው እንዴት እንደተሰበሰበ ማየት ያስፈልጋል።

የ2008ቱ ጥናት መነሻ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነው። ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ለቆጠራው አገሪቱን ከፋፍሎ ከመዘገባቸው 84,915 የቆጠራ ቦታዎች 645 በዕጣ ወጡ፤ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር። በየቦታው ያሉት ቤቶች እንደ አዲስ ተመዝግበው ከእነሱ 28 ተመረጡ። አዲስ ምዝገባው ለምሥራቅ አዲስ አበባ ይበልጥ ያስፈልግ ነበር፤ አያትና ሰሚት በኮንዶሚኒየም የተሞሉት በአብዛኛው ከቆጠራው ወዲህ ነውና።

ዕጣው ለገርጂ ኮንዶሚኒየሞች ደረሰ እንበል። የሚጠየቁት ሴቶች በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ በገቢም በትምህርትም የሚቀራረቡ ይሆናሉ። ዕጣው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ላሉ ቪላዎች ቢደርስ ደግሞ መልኩ ሌላ ነው። የጎረቤታሞች መልስ ስለሚመሳሰል፣ እያንዳንዷን ሴት ለብቻዋ የተመረጠች አድርጎ የሚያሰላ ሰው የግምቱን ስሕተት ከእውነተኛው አሳንሶ ያያል።

መፍትሔው ሞሪስ ኬኑይ እ.ኤ.አ. በ1949 የጀመረው፣ ጆን ቱኪ በ1958 ጃክናይፍ ብሎ የሰየመው ስልት ነው። በወሊድ መጠን ስሌት ላይ የሚወጣው አንዲት ሴት ሳትሆን የቆጠራ ቦታው እንዳለ ነው። አንዱ የቦሌ ቦታ ከነሴቶቹ ይወጣል፤ መጠኑ በቀሪዎቹ ይሰላል። ያ ይመለስና ቀጣዩ ይወጣል፤ እንዲህ እያለ መረጃ የተገኘባቸው ቦታዎች ሁሉ እስኪዳረሱ ይደገማል። በ2003 ዓ.ም. ከተመረጡት 624 ቦታዎች መረጃ የተገኘው ከ596 ስለነበር ድግግሞሹም 596 ነበር። ውጤቶቹ ከተቀራረቡ ቁጥሩ በማንም ሰፈር ላይ አልተንጠለጠለም፤ ከተራራቁ ግን አንድ ሁለት ሰፈር ብቻ ሊያናውጠው ይችላል።

ስለዚህ የከተማዋን የወሊድ ታሪክ የሚጽፍ ሰው 1.8ን ብቻውን መጥቀስ አይበቃውም። በሪፖርቱ አባሪ የታተመውን የናሙና ስሕተት አብሮ መያዝ አለበት። የሁለቱ ዓመታት ግምቶች ከነስሕተታቸው ተነጻጽረው ልዩነቱ ሲጸና ብቻ ነው ከ1.5 ወደ 1.8 መውጣቱ ታሪክ ሆኖ የሚጻፈው።