የኢስጦኢኮች ጥበብና የጎጃም ቅኔ ቤት

ኢስጦኢኮች የሚባሉት ፈላስፎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ዜኖን በአቴና የጀመረውን ትምህርት የተከተሉ ሲሆኑ፣ ሰው በእጁ ያለውን፣ ይኸውም ፍርዱንና ፈቃዱን፣ ከእጁ ውጭ ከሆኑት ከሀብት፣ ከጤናና ከዝና ለይቶ እንዲያውቅ ያስተምሩ ነበር። ስማቸው ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ከቅዱስ ጳውሎስ ጋር በአቴና ሲነጋገሩ ይገኛሉ። የግሪክ ጠቢባን ምክርም አባ ሚካኤል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት፣ ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር በሰፊው ባጠኑት መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን አማካይነት አገር ውስጥ ገብቷል።

በጎጃም ደጋ ግን የዚህ ጥበብ የቅርብ አምሳያ የሚገኘው ከመጽሐፍ ይልቅ በኑሮ ነው። በአብነት ትምህርት፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን ከንባብ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ በምትሰጠው ትምህርት፣ ተማሪ ከዘመዶቹ ቀዬ ርቆ እንዲማር የቆየ ልማድ አለ፤ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ደበሎ የተባለውን የበግ ለምድ ለብሶ፣ የለመነውን የሚይዝበትን አኩፋዳ አንግቦ፣ የመንደሩን ውሻ በዱላ እየተከላከለ፣ በእመቤታችን ስም ቁራሽ እየለመነ ይማራል። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ፣ ራሱ እጅግ ሀብታም ሳለ፣ ወዳጁ ሉኪልዮስ አልፎ አልፎ ጥቂት ቀናት ለይቶ ተራ ምግብ እየበላና ሻካራ ልብስ እየለበሰ ድህነትን እንዲለማመድ መክሮት ነበር፤ የቆሎ ተማሪ የሚባለው ይህ የአብነት ተማሪ ግን ይህንኑ ዓመታት ሙሉ ስለሚኖረው ልምምዱ ከሴኔካው የጠለቀ ነው።

ከሥጋ ልምምዱ በላይ የሚያስደንቀው የአእምሮው ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ኤልያስ በመሳሰሉት ጉባኤያት የቅኔ ተማሪ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ "ይቆጥራል"፣ ማለትም አዲስ ሐሳብ አውጥቶ በግዕዝ ልክ ያሰናዳል፤ ከዚያም ለመምህሩ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም ያርሙታል፤ የትናንቱን ግን መድገም ነውር ነው። ሰም የሚባለው ላይ ላዩን የሚሰማው ቃል ሲሆን ወርቁ ከሥሩ የተሰወረው ምሥጢር በመሆኑ፣ ተማሪው ነገርን መጀመሪያ እንደታየው ተቀብሎ እንዳይቸኩል በየቀኑ ይሠለጥናል። ከባርነት የወጣው ኢስጦኢካዊ ኤፒክቴቶስም ደቀ መዛሙርቱን የሚያስጠነቅቀው በዚሁ ነበር፤ እርሱም እንደ ጎጃም መምህራን በቃል ብቻ አስተምሮ፣ ትምህርቱን ጽፎ ያቆየለት ተማሪው አርያን ነው።

ከዚህ ትምህርት ፍሬዎች አንዱ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት ሐዲስ በፋሽስት ወረራ ዘመን ተማርከው በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታግዘዋል፤ ፖንዛ የሮማ ነገሥታትም የጠሏቸውን የሚያግዙባት ደሴት ነበረች፤ የኤፒክቴቶስ መምህር ሙሶንዮስ ሩፎስም በኔሮን ዘመን ጂያሮስ በምትባል ሌላ ደሴት ተግዟል። ሐዲስ በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው በፍቅር እስከ መቃብር የሣሉት ጉዱ ካሳ፣ አገሩ እብድ ቢለውም ከገዛ ፍርዱ የማይነቃነቅ ሰው ነው።

እርግጥ ነው፣ ኢስጦኢካዊው በራሱ ምክንያታዊነት ይቆማል፣ የጎጃሙ ተማሪ ግን በእግዚአብሔር ቸርነትና በጎረቤት ቁራሽ ይኖራል፤ ስለዚህ አንዱ የሌላው ቅጂ አይደለም። የሁለቱም ትምህርት ግን የቃል ነውና ካልተመዘገበ ይጠፋል፤ ኤፒክቴቶስ አርያንን ባያገኝ ኖሮ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ የጎጃም ቅኔ መምህራን ጉባኤም ሊቃውንቱ በሕይወት ሳሉ በድምፅና በጽሑፍ ሊመዘገብ ይገባል።