ከዓሣ ምኑ ይበላል?
(በሬዲዮ ከተነገረው)



በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ስለ ውኃ እንስሳት የተጻፈው ሕግ አጭር ነው፤ ክንፍና ቅርፊት ያለው ይበላል፣ የሌለው አይበላም። ስለዚህም ፈረንጆች ሎብስተር የሚሉት፣ ከዐሥሩ እግሮቹ ሁለቱ መቆንጠጫ የሆኑለት የባሕር እንስሳ ከእኛ ማዕድ ርቆ ኖረ። በሐይቆቻችን የሚገኘው ቅርፊት የለሹ አምባዛም በብዙዎች ዘንድ የገጠመው ዕጣ ይኸው ነበረ። ሕጉ ግን የሚለየው የእንስሳውን ዓይነት እንጂ የሰውነቱን ክፍል አይደለም። ይበላል ከተባለው ዓሣ ምኑ ይበላል፣ ምኑስ ይጣላል የሚለው ጥያቄ በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የተነሣው ዘግይቶ ነውና፣ ዛሬ ስለዚሁ ጥቂት እንነጋገራለን።

ቀድሞ በዝዋይ ሐይቅ ዓሣ ማጥመድን ኑሮዬ ብለው የያዙት በደሴቶቹ ላይ የሰፈሩት ዛዮች ነበሩ። እነርሱ ከቀላል የውኃ እንጨት ታንኳ እያሰሩ ቆሮሶውን ያወጡ ነበር። በዳር ያለው የአርሲ ኦሮሞ ግን ሀብቱ ከብት ስለ ነበረ፣ በቋንቋው ቁርጡሚ የሚለውን ዓሣ ከምግብ አይቆጥረውም ነበር። ወተትና ቅቤ የሞላው ቤት የዓሣ አጥንት ሲለቅም ለመዋል ምን አስቸገረው!

ነገሩን የለወጠው ከተማና ግድብ ነው። ናዝሬት ስትባል የኖረችው አዳማ በባቡሩ ሐዲድ ላይ አድጋ የተጓዥና የሠራተኛ ከተማ ሆነች። ከእርስዋም ብዙ ሳይርቅ፣ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ ለኤሌክትሪክ ኃይል የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። የአዋሽ ውኃ በሜዳው ላይ ተኝቶ ሐይቅ ሆነ፤ የወንዙም ዓሣ በሐይቁ ተራባ። ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እንተወውና፣ በዐቢይ ጾም ወራት ገበያው እንደሚደራ ግን ማንም ያውቃል። ጥብሱ፣ ጉላሹ፣ ሾርባውና ዱለቱ በየምግብ ቤቱ ይቀርባል። በዱለት ስም የሚደነግጥ ቢኖር አይደንግጥ፤ የበጉ ዱለት ከሆድ ዕቃ ቢሆንም፣ የዓሣው ዱለት የሚሠራው ከተከተፈ ሥጋ ነው። ስሙ ብቻ ነው የተዋሰው።

እንግዲህ ከሆድ ዕቃው የሚመጣው ጉዳት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ትል ነው። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዓሦች ላይ ምርመራ ያደረጉ ሊቃውንት ኮንትራሲከም የተባለውን ትል በሆድ ዕቃው መካከልና በልቡ ሽፋን ውስጥ አግኝተዋል። ሰውን የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው፤ ቢሆንም በአዋዜ ጥሬውን የሚበላ ሰው ሊያስብበት ይገባል። እሳት ይህን ትል ይገድለዋልና በሚገባ የበሰለ ዓሣ ከዚህ በኩል አያሰጋም።

ሁለተኛው ግን እሳት የማይበግረው ነው። በቆቃ ሐይቅ ላይ ውኃውን እንደ አረንጓዴ ቀለም የሚያለብሱ፣ ማይክሮሲስቲስ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ታይተዋል። እነርሱ የሚያመነጩት መርዝ ጉበትን የሚጎዳ ነው። በ1988 ዓ.ም. በብራዚል አገር በካሩዋሩ ከተማ ደማቸው በመሣሪያ ይታጠብላቸው የነበሩ የኩላሊት ሕሙማን፣ ይህ መርዝ በገባበት ውኃ ምክንያት ከ50 የሚበልጡት ሞተዋል። መርዙ ቢቀቀል አይጠፋም፤ በዓሣውም ሰውነት ውስጥ ከሥጋው ይልቅ በጉበቱና በአንጀቱ ይከማቻል። ከብረት ወገን ከሆኑትም መርዞች ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው፤ በቆቃና በሐዋሳ ዓሦች በተደረገ ጥናት ከሥጋው ይልቅ በጉበትና በኩላሊት በዝተው ተገኝተዋል። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካዎችን እጣቢ፣ የአቃቂም ወንዝ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይዞ ወደ አዋሽ ይወርዳልና፣ በዋና ከተማችን የምንደፋው ነገር በአዳማ ገበታ ላይ ተመልሶ ሊቀርብልን መቻሉን የቢሮ ሰዎች ሆይ ልብ እንበል።

የሎብስተሩም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የጅራቱና የመቆንጠጫው ሥጋ ሲበላ፣ እንደ ጉበት የሚያገለግለውን አረንጓዴ ለስላሳ ክፍል ብዙ ባሕርተኞች እንደ ጣፋጭ ይቆጥሩት ነበር። በ2000 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ መንግሥት የምግብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ መርዝ ስለሚከማችበት ማንም እንዳይበላው አስጠነቀቀ። መርዙም መቀቀል አያጠፋውም።

ስለዚህ ለሾርባ ጭንቅላቱን የምትፈልግ ወይዘሮ ስንጥቡን አውጥታ ትጣል፤ ጉበቱንና አንጀቱንም፣ ሐሞቱ ሳይፈስ፣ ዓሣው ገና ትኩስ ሳለ ታውጣ። አረንጓዴ አረፋ ከተኛበት ውኃ የወጣውን ግን ጨርሶ አለመግዛት ይሻላል።

የተጣለው ሆድ ዕቃ ወዴት ይሄዳል? በሐዋሳም በዝዋይም ዳርቻ አባ ኮዳውና ባለ ከረጢት ምንቃሩ ፔሊካን ዓሣ የሚበልተውን ሰው ከብበው ይጠብቃሉ። ያ ትል የሚያድገው በእንደ ፔሊካን ባሉ ዓሣ በል ወፎች ሆድ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋር ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ የሎብስተር የሩቅ ዘመድ የሆነች ደቃቅ የውኃ ነፍሳት ትውጠዋለች፤ እርስዋንም ዓሣው ይውጣታል። በዳር የሚጥሉትን አንጀት ጉድጓድ ቆፍረው የሚቀብሩ አጥማጆች ይህን ዙር ከአንድ ቦታ ይቆርጡታል።