ሚንበሩ ሲቃጠል የታየው፦ ያለ ምስማር የሚገጥም የእንጨት ሥራና የኢሉባቦር መስጊዶች

ደረሳ ሙስሐፉን የሚያኖርበት ረሕል በመቱ፣ በጎሬም ሆነ በበደሌ እንግዳ ዕቃ አይደለም። በጥንታዊው መንገድ የተሠራ ረሕል ከአንድ ሳንቃ ይወጣል። አናጢው ሳንቃውን በውፍረቱ በኩል ለሁለት ይከፍለዋል፤ መካከሉ ላይ ግን እርስ በርስ የተቆላለፉ ጥርሶች ይተዋል። ሲከፈት እንደ መቀስ ይቆማል፤ ሲታጠፍ ተመልሶ አንድ ሳንቃ ይሆናል። ማጠፊያ ብረት፣ ምስማርም ሆነ ኮላ የለበትም። ይህ በየዕለቱ የምንይዘው ዕቃ በሙስሊሙ ዓለም ለዘመናት የዳበረ የእንጨት ሥራ ትንሹ ምስክር ነው።

ምስማርን መተው ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። እንጨት ርጥበት ሲጠጣ በስፋቱ ያብጣል፤ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ሰፊ ሳንቃ በሁለቱም ጠርዙ በምስማር ከተቸነከረ መኮማተር ስለሚከለከል ይሰነጠቃል፤ ምስማሩም ዝጎ ዙሪያውን ያጠቁራል። ስለዚህ የጥንት አናጢዎች የክፈፉን አንዱን እንጨት በምላስ፣ ሌላውን በጉድጓድ አበጅተው ያገጣጥማሉ፤ ሲያስፈልግም በእንጨት ችንካር ያጸኑታል። በክፈፉ ውስጠኛ ጠርዝ ቦይ አውጥተው ሳንቃውን ሳያጣብቁ ያስገቡታል። ሳንቃው በቦዩ ውስጥ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በሩ ግን ቅርጹን አይለቅም። ዝናብ በሚበዛባቸው በጎሬና በመቱ የዚህ ዘዴ ጥቅም ግልጽ ነው።

የሚንበር ታሪክም ከእንጨት ሥራ ጋር የተቆራኘ ነው። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ጋባ ከተባለው ቦታ በመጣ የጠርፋእ እንጨት እንደተሠራና ሦስት ደረጃ እንደነበረው በሐዲስ ተላልፎልናል። ከዘመናት በኋላ ሱልጣን ኑረዲን ማሕሙድ ዘንጊ ለአል-አቅሷ መስጊድ የሚሆን ሚንበር በሐለብ እንዲሠራ በ564 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1168/69) አዘዘ። አናጢዎቹ በኮከብና በባለ ብዙ ጎን ቅርጽ የተቆረጡ በሺሕ የሚቆጠሩ ቁራጮችን በምላስና በቦይ አያያዟቸው፤ ስማቸውንም በሥራቸው ላይ ቀረጹ። ሱልጣኑ ቁድስ ነጻ ስትወጣ ሳያይ አረፈ። ሚንበሩን በስፍራው ያቆመው በ583 ዓመተ ሂጅራ (1187) ከተማዋን የከፈተው ሰላሑዲን አል-አዩቢ ነው።

ያ ሚንበር ነሐሴ 15 ቀን 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969) አንድ አውስትራሊያዊ በለኮሰው እሳት ወደመ። የዚያን ጊዜ ከእንጨቱ በላይ ዕውቀቱ እንደራቀ ታየ፤ ቁራጮቹ እንዴት እንደተያያዙ ማስረዳት ቀላል አልነበረም። ምትኩ በዮርዳኖስ የተሠራው አሮጌ ፎቶግራፎችንና የተረፉትን ቅሪቶች በማጥናት፣ ከተለያዩ የሙስሊም አገሮች ባለሙያዎችን በማሰባሰብ ነው። በስፍራው የቆመውም እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከ37 ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ፎቶግራፎቹ ባይኖሩ ኖሮ ያን ያህል መቅረብ ባልተቻለም ነበር።

ይህ ታሪክ ኢሉባቦርን ይመለከታል። ከጅማ በበደሌ በኩል ወደ መቱ የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፈው የእንጨት ጥበብ ሥር በሰደደበት አገር ነው። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ መጋጠሚያ ጭራሽ አያሻውም። ለበርና ለሣጥን ደግሞ ዋንዛ የተወደደ እንጨት ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ዛሬ ግን ዋንዛ እንደ ልብ የሚቆረጥ ዛፍ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በደን ውስጥ እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ስለዚህ መስጊድ ሲታደስ የሚነቀል አሮጌ የዋንዛ በር በቀላሉ ምትክ አይገኝለትም።

ለመስጊድ የተሰጠ በር ወቅፍ ነው። የሐነፊ ፉቀሃዎች የወቅፍ ገቢ ከሁሉ አስቀድሞ ለጥገናው እንዲውል ደንግገዋል፤ ከዚህም አሮጌውን ከመጣል መጠገን እንደሚቀድም እንረዳለን። የብረት በር ማስገባት ግድ በሚሆንበት ጊዜም ቢሆን ከኢማሞችና ከመምህራን የምንጠብቀው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በሩ ከመነቀሉ በፊት ከፊትና ከኋላ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቁመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ይለካ፤ የእንጨቱ ዓይነት ይጻፍ። የሠራውን ሰው የሚያስታውስ አዛውንት ካለ ስሙ ይመዝገብ። ከተፈታም ምላሱና ጉድጓዱ እንዴት እንደገጠሙ ደረሳዎች ቀርበው ይመልከቱ። የአቅሷን ሚንበር መልሶ ለማቆም ያስቻለው እንዲህ ያለ መዝገብ ነው፤ የእኛን በሮች ግን ከእኛ በቀር የሚመዘግብ የለም። ወላሁ አዕለም።