የሰውነት ሚዛን (ሶፍትቦል)

በሶፍትቦል የሰውነት ሚዛን ማለት መቺዋ ዱላውን ሰንዝራ እስክትጨርስ ድረስ ሳትንገዳገድ በእግሮቿ ጸንታ መቆሟ ነው። ሶፍትቦል ከቤዝቦል የወጣ ጨዋታ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1887 በአሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ተጀመረ። የሴቶች ውድድር እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ገባ።

በአዋቂ ሴቶች ጨዋታ ኳሷ የምትወረወረው ከ13 ሜትር ርቀት ነው። በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ይህን በግማሽ ሰከንድ ገደማ ትጨርሰዋለች። በምቱ መካከል ሚዛንን ለማረም ጊዜ ስለማይኖር እርማቱ በልምምድ ወቅት ይሠራል።

== የተለመዱ ስህተቶች ==

ጀማሪ ልጅ ብዙ ጊዜ ሚዛኗን የምትስተው ከልክ በላይ ረጅም እርምጃ ስትራመድ፣ ክብደቷን ቀድማ በፊተኛው እግሯ ላይ ስትጥል ወይም ለአቅሟ የከበደ ዱላ ስትይዝ ነው። ሰውነቷ ሲዘም ጭንቅላቷም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ዓይኗ ኳሷን ይስታል።

== እርማት ==

እርማቱ ከክንድ ሳይሆን ከእግር ይጀምራል። ልጅቷ እግሮቿን ከትከሻዋ ጥቂት አስፍታ፣ ጉልበቷን በመጠኑ አጥፋ ትቆማለች። ከዚያም በማስቀመጫ ላይ የተቀመጠች ኳስ በዝግታ መትታ እስከ ሦስት እስኪቆጠር አትነቃነቅም። ከተንገዳገደች አቅጣጫው ምክንያቱን ይጠቁማል፤ ወደ ጣቶቿ ካዘመመች ክብደቷ ከፊት፣ ወደ ኋላ ካዘመመች ተረከዟ ላይ በዝቷል። ፍጥነት የሚጨመረው ይህ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

== ተመሳሳይ ጨዋታ በኢትዮጵያ ==

በገና ጨዋታ ተጫዋቾች ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩሯን ይመታሉ። ሩሯ መሬት ላይ ብትሆንም፣ እዚያም ጥሩ ምት የሚመጣው እግሩን ካጸና ተጫዋች ነው።