የአባቶች የዘመን ስሌትና የልጆቻችን ሒሳብ

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ ኋላም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ከገቡት ወገኖቻችን መካከል በአፉላ ከተማ የሰፈሩ ብዙ ናቸው። ከወላጆች አፍ ደጋግመን የምንሰማው «እኛ አልተማርንም፤ በሒሳብ ልጆቻችንን በምን እንረዳለን?» የሚል ቃል ነው። ውድ አንባብያን፣ ይህ ቃል ያሳዝነናል፤ ትክክል ነው ብለን ግን አንቀበለውም።

በአገር ቤት ሳለን ቄሶቻችን የበዓላቱን ቀን የሚያስታውቁን ጨረቃን ቆጥረው ነበር። ስግድ ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን እንደሚውል ፊደል ያልቆጠሩ እናቶቻችን ሳይቀሩ ያውቁ ነበር። ጎረቤቶቻችን የሆኑት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ባሕረ ሐሳብ የተባለውን ስሌት ያስተምሩ ነበር፤ ዛሬም ያስተምራሉ።

የስሌቱ መሠረት ይህ ነው። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ገደማ ስለሆነ ልዩነታቸው 11 ነው። ሁለቱ በ19 ዓመት ይገናኛሉ። የአይሁድ አቆጣጠርም በዚሁ 19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ 13ኛ ወር ይጨምራል።

ለምሳሌ የኢትዮጵያን 2017 ዓ.ም. እንውሰድ። ሊቃውንቱ 5500 ዘመን ሲጨምሩበት 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስለት 11 ይሆናል፤ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ 29 ይተርፋል፤ ይህም መጥቅዕ ነው።

ይህን መጥቅዕ ለልጆቻችን ጥያቄ አድርገን ብናቀርበው መንገዱ ብዙ ነው። አንዱ 11ን በ19 አባዝቶ 209 ያገኝና ለ30 ያካፍላል። ሌላው 11 ጊዜ 20 220 ነው ብሎ 11 ይቀንስለታል፤ ከዚያ በ30 ይገድፋል። ሦስተኛው ማባዛት አያስፈልገውም፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ አበቅቴውን ከ30 ቀንሶ 29 ይላል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። ሦስተኛው ግን ቁጥሮቹ እንዴት እንደተያያዙ አስተውሏል። ሊቃውንቱም ስሌታቸውን የሚያረጋግጡት አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሆናቸውን አይተው ነው።

ስለዚህ በራሱ መንገድ ትክክለኛ መልስ ያገኘ ልጅ፣ በሰሌዳ ላይ እንደታየው አልሠራህም ተብሎ ሲቀነስበት ዝም ማለት አይገባንም። የዕብራይስጡን መጽሐፍ ማንበብ የማይችል ወላጅም ማታ ደብተሩ ሲከፈት ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ «እንዴት አገኘኸው? በሌላ መንገድስ አይገኝም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህ ጥያቄ አማርኛችን ይበቃል።