ስሙ የማን ነው?

የአንድ ሶፍትዌር ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው ማለት ሶፍትዌሩ የሁሉም ነው ማለት አይደለም። የቃላት ጨዋታ ከመሰላችሁ የኦፕንኦፊስን ታሪክ ላውጋችሁ።

መነሻው ጀርመን ነው። ስታርዲቪዥን የሚባል ኩባንያ ስታርኦፊስ የተሰኘ የቢሮ ፕሮግራም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካው ሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያውን ገዛ፤ በ2000 ደግሞ ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው። ኦፕንኦፊስ እንዲህ ተወለደ። ለማይክሮሶፍት ኦፊስ መክፈል ለማይችል ሰው ትልቅ እፎይታ ነበር። ከየአገሩ ፕሮግራመሩ፣ ተርጓሚው፣ ስህተት ለቃሚው ተሰበሰበ።

ያኔ አንድ ቃል ተገብቶ ነበር፤ ፕሮጀክቱን የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ ፋውንዴሽን ይቋቋማል ተብሎ። አሥር ዓመት አለፈ፣ ፋውንዴሽኑ የለም። የማኅበረሰቡ ካውንስል የሚባል ነገር ነበር። የንግድ ስሙ ግን የሰን ነው። ኮድ የሚያበረክት ሰው እንኳ የቅጂ መብቱን ለሰን የሚያጋራበት ወረቀት መፈረም ነበረበት። እድር ያለው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ የባንክ ደብተሩም በአንድ ሀብታም ጎረቤት ስም ከሆነ ዳኛ መምረጣችን ምን ዋጋ አለው? ጎረቤቱ ደግ እስከሆነ ድረስ ግን ማንም ጉዳዬ አይለውም።

በጃንዋሪ 2010 ጎረቤቱ ተቀየረ። ኦራክል ሰንን ጠቅልሎ ገዛ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ቀን የፕሮጀክቱ ነባር ሰዎች ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የተባለ ነጻ ተቋም ማቋቋማቸውን አወጁ። ኦራክልንም አብረን እንሥራ ብለው ጋበዙት፤ የኦፕንኦፊስን ስም እንዲለግሳቸውም ጠየቁ። እስከዚያው ሶፍትዌሩን ሊብሬኦፊስ አሉት። ኦራክል ስሙን አልሰጠም። እንዲያውም በኦክቶበር በተደረገ የካውንስል ስብሰባ፣ አዲሱን ፋውንዴሽን የተቀላቀሉ አባላት የጥቅም ግጭት ስላለባችሁ መቀመጫችሁን ልቀቁ ተባሉ። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ማኅበረሰቡን ወክለው የተቀመጡ ሰዎች ማኅበረሰቡን በማደራጀታቸው ቦታ አጡ። ካውንስሉ የማን እንደነበር ያን ቀን ለይቶለት ታየ።

ኦራክል ሊነጥቃቸው ያልቻለው አንድ ነገር ግን ነበር፤ ላይሰንሱ። ማንም ሰው ኮዱን ወስዶ፣ አሻሽሎ፣ በሌላ ስም ማሰራጨት ይችላል። በሙያው ቋንቋ ፎርክ ይሉታል። በጃንዋሪ 2011 የመጀመሪያው የተሟላ ሊብሬኦፊስ ወጣ። በቀጣዩ ወር ለፋውንዴሽኑ መነሻ ካፒታል 50,000 ዩሮ ያስፈልገናል ብለው ሕዝቡን ጠየቁ፤ በስምንት ቀን ሞላ። በ2012 ተቋሙ በርሊን ውስጥ በሕግ ተመዘገበ።

ይህን የምጽፈው ኩባንያ ሁሉ ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ሬድ ሃት፣ ኖቬልና ጉግል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አዲሱን ተቋም ደግፈዋል። ለውጡ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ በፋውንዴሽኑ ደንብ አንድ ኩባንያ በቦርዱ ሊኖረው የሚችለው መቀመጫ ገደብ አለው። ብር ያለው ይምጣ፣ ይሥራ፤ ብቻውን ግን አይወስንም።

ኦራክልስ? በኤፕሪል 2011 ለገበያ የሚያቀርበውን ኦፕንኦፊስ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በጁን ኮዱንም ስሙንም ለአፓቼ ፋውንዴሽን ሰጠ። ስሙ በመጨረሻ ተለገሰ፤ ለጠየቁት ሰዎች ግን አልነበረም። አፓቼ ኦፕንኦፊስ በ2014 4.1 የተባለውን እትም አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት በዚያው ላይ የተደረጉ ጥገናዎች ናቸው። ዝነኛው ስም እዚያ ቀረ፤ ሰዎቹ ግን ሄደው ነበር።

ሊብሬኦፊስ ዛሬ በአማርኛም ይሠራል። ሜኑው በራሳችን ፊደል ተጽፎ ሳየው እነዚያ በስምንት ቀን ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ትዝ ይሉኛል። እናንተም ነገ ጊዜያችሁን ለአንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ለመስጠት ስታስቡ፣ ኮዱ ክፍት ነው ወይ ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ስሙ የተመዘገበው በማን ነው? የሰርቨሩ ቁልፍ ያለው ማን ጋ ነው? መሪዎቹን ማን ይሽራል? ባለቤቱ ደግ ሳለ ጠይቁ፤ ከተሸጠ በኋላ መልሱን ራሱ ይነግራችኋል።